ፌሬትሽን አታስርቢው፣ ሽታውን ቀስ ብለሽ ቀይሪለት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሌሎችም እንዲገባ ባጭሩ ልድገመው፦ ሁለት አመት የሆነው 1.2 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ፌሬት (ሰውነቱ ቀጭንና ረጅም የሆነ፣ ስጋ በል ትንሽ የቤት እንስሳ) አለሽ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ደረቅ የፋብሪካ ምግብ ብቻ ነው የበላው፣ ወደ ጥሬ ስጋ ልታዛውሪው ፈልገሽ የዶሮ ደረት ቆርጠሽ ስታቀርቢለት አሸተተና ትቶት ሄደ፣ ከዛ አንድ ሰው «ቀኑን ሙሉ አስርቢው፣ ሲርበው ራሱ ይበላል» አለሽ። አምስት አመት የሞላት ሴት ፌሬትም አለችሽ፣ ሁለቱንም አብረሽ መቀየር ነው ሀሳብሽ። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ትናንሽ የቤት እንስሳት ላይ ነው የምሰራው፣ እና ስለ ማስራቡ ሳልነግርሽ ወደ ሌላው ባልሄድ ይሻለኛል።

አታስርቢው። ለውሻ አንድ ቀን ሳይበሉ መዋል ብዙም ችግር አይደለም፣ ለፌሬት ግን ነው። ፌሬት አንጀቱ በጣም አጭር ነው፣ የበላው ነገር ከ3 እስከ 4 ሰአት ውስጥ ገብቶ ይወጣል፣ ለዛም ነው ቀኑን ሙሉ ሳህኑ ጋ እየተመላለሰ ትንሽ ትንሽ የሚቀማምሰው። ምግቡን ስትከለክይው የደሙ ስኳር ይወርዳል፣ ከቆየ ደግሞ ሰውነቱ የራሱን ስብ ወደ ጉበት ማጋዝ ይጀምርና ጉበቱ በስብ ይጎዳል። በዛ ላይ ፌሬቶች ቆሽታቸው ላይ ኢንሱሊኖማ የሚባል ኢንሱሊን (የደም ስኳር የሚያወርድ ሆርሞን) የሚያመርት እጢ በብዛት ይወጣባቸዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሶስት አመት በኋላ ነው፣ እና ባለቤቱ ሳያውቅ ለወራት ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለው ፌሬት ቀኑን ሙሉ ሲራብ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ የኋላ እግሩ ይከዳዋል፣ ራሱን ስቶ ሊወድቅም ይችላል። ይህን ምክር የሰጠሽ ሰው ክፉ አስቦ እንዳልሆነ ይገባኛል፣ ግን እባክሽ እንዳትሞክሪው።

አሁን ለምን ትቶት ሄደ የሚለውን እንይ፣ ምክንያቱም እሱ ከገባሽ የቀረው ስራ በጣም ይቀላል። ፌሬት ምግብን የሚያውቀው በአይኑ ሳይሆን በአፍንጫው ነው። ገና ትንሽ እያለ፣ በተለይ በሁለተኛውና በሶስተኛው ወሩ አካባቢ፣ የቀመሳቸው ነገሮች ሽታ «ይሄ ምግብ ነው» ተብሎ ጭንቅላቱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ግማሽ አመት ካለፈው በኋላ ደግሞ አዲስ ሽታ እዛ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ከባድ ነው። ያንቺው በዛ እድሜው ደረቅ ምግብ ብቻ ስለበላ ጥሬ ስጋ ለሱ ምግብ አይደለም፣ ከጫማሽ ወይ ከሶፋው ለይቶ አያየውም። ስለዚ ግትር ሆኖብሽ አይደለም፣ አልጠላብሽምም፣ ምግብ መሆኑን አላወቀም በቃ። ሽታውን ቀስ በቀስ ማስተዋወቅ ነው ስራሽ፣ ሆዱ እየሞላ።

እንዴት መሰለሽ፣ የለመደውን ደረቅ ምግብ ፍጪው፣ ዱቄት እስኪሆን። ለብ ያለ ውሃ ጨምረሽ እንደ ቀጭን ገንፎ አድርጊውና መጀመሪያ ምንም ስጋ ሳይገባበት ይህንን ብቻ ስጪው። ብዙ ሰው ይህችን ደረጃ ይዘላትና ኋላ ይቸገራል፣ ምክንያቱም ደረቅ ለሚቆረጥም እንስሳ እርጥብ መሆኑ ራሱ አዲስ ነገር ነው። እሱን ያለችግር መላስ ከጀመረ በኋላ በደንብ የተፈጨ ስጋ ጨምሪበት፣ የመጀመሪያው መጠን በሻይ ማንኪያ ጫፍ ብቻ ትሁን፣ እሷን ለጥቂት ቀን ሳያመነታ ከበላት ትንሽ ከፍ ታደርጊያለሽ፣ ፊቱን ካዞረ ወደነበረበት ትመልሺያለሽ። አንድ አይነት ስጋ ብቻ ምረጪ፣ ሶስት አራት አይነት ባንዴ አታደባልቂ፣ ሆዱ ቢታወክ የትኛው እንዳወከው ማወቅ አለብሽ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ደረቁ ምግብ ሙሉ በሙሉ አይነሳም፣ ይህን ቀጭን ገንፎ፣ ከዚህ በኋላ ሾርባ የምለውን፣ ከማቅረብሽ በፊት አንድ ሁለት ሰአት ብቻ አንሺው፣ ትንሽ ምግብ እንዲያምረው ያህል፣ ከዛ ሾርባውን በላም አልበላ ደረቁ ይመለስለት።

ሙቀቱ ላይ ልቆይ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ስለሆነ። ከፍሪጅ የወጣ ስጋ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፣ በአፍንጫው ለሚበላ እንስሳ ደግሞ ሽታ የሌለው ነገር የለም። የፌሬት የሰውነት ሙቀት 38 እና 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ምግቡም ወደዛ ሲጠጋ ይሸተዋል። በማይክሮዌቭ አታሙቂው፣ አንዱ ጎን ይበስላል ሌላው ቀዝቃዛ ይቀራል፣ ይልቅ ሳህኑን ሙቅ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ነገር ውስጥ አስቀምጠሽ አማስይው። ከዛ ጭንሽ ላይ አስቀምጪውና በጣትሽ ጫፍ ትንሽ ነክረሽ ከንፈሩ ጎን፣ ከረጅሙ ጥርሱ ኋላ ባለችው ክፍተት በኩል ቀቢው። መጀመሪያ ወደኋላ ይሸሻል፣ ራሱን ያራግፋል፣ አፉን ምንጣፉ ላይ ይጠርጋል፣ አይዞሽ ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ ሲጠርግ ሲጠርግ ግን ምላሱን ያወጣና የቀረውን ይልሳል፣ የምትፈልጊውም እሷን ልሳት ነው። ትንሽ ቆይተሽ ድገሚ፣ ከዛ ተይው። በስሪንጅ ግን በግድ አታጉርሺው፣ ወደ ሳምባው ሊገባ ይችላል፣ ምግቡንም ከጭንቀት ጋር ያያይዘዋል። የሚወደው ዘይት ካለ፣ ለምሳሌ የሳልሞን ዘይት፣ ላዩ ላይ ጠብታ ማድረግ በጣም ያግዛል።

አንድ ነገር ግን ለይተሽ እወቂ፣ አፉን በፊት እግሩ ደጋግሞ መቧጨር ከለሃጭ ጋር ሲሆን፣ በተለይ ምንም ሳትቀቢው በራሱ ጊዜ ሲያደርገው፣ ያ ማቅለሽለሽ ወይም የስኳር መውረድ ነው። ያኔ ምግብ መቀየሩን ታቆሚና ወደ ሐኪም ነው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ብለሻል። አንዳንዱ በሁለት ሳምንት ይገባበታል፣ አንዳንዱ ሁለት ሶስት ወር ይፈልጋል፣ ሁለት አመት የሆነው ወንድ ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ነው። ሾርባው አብዛኛው ስጋ ሲሆን ውሃውን እየቀነስሽ ወፈር ታደርጊዋለሽ፣ ከዛ የተፈጨው ውስጥ እንደ ሩዝ የደቀቀ ቁራጭ ትደብቂበታለሽ፣ ከዛ ቁራጩን እያሳደግሽ ትሄጃለሽ። ስጋውን ስትቆርጪ ጭረቱን (የስጋውን ክሮች) አቋርጠሽ ቁረጪ፣ በጭረቱ ርዝመት የተቆረጠ ረጅም ስጋ ማኘክ ለማያውቅ ፌሬት አይበጠስለትም፣ ግማሹን ውጦ ግማሹ አፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይታነቃል። ፌሬት የሚቆርጠው በጎን ጥርሱ ነው፣ አይተሽ ከሆነ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ አይኑን ከደን እያደረገ ነው የሚያኝከው፣ ይህን እንቅስቃሴ ስታዪ ጡንቻው እየሰራ ነው ማለት ነው። አጥንት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ትንሽና ለስላሳ የሆነ፣ የጥንቸል ጎድን ወይ የድርጭት አይነት፣ እና ጥሬ ብቻ። የበሰለ አጥንት በምንም አይነት አትስጪው፣ እንደ መርፌ ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር፣ ማለት እኔን በጣም ወደሚያሳስበኝ። ጥሬ ስጋ ስላልሽ ብቻ የተሟላ ምግብ ሰጠሽ ማለት አይደለም። አንቺ ያቀረብሽለት የዶሮ ደረት ነው፣ ወዶት በልቶት ቢሆንና እሱን ብቻ ለወራት ብትሰጪው ከድሮው ደረቅ ምግብ በጣም የባሰ ነበር የሚሆነው። አጥንት የሌለው ስጋ 1 ኪሎ ውስጥ 2 ግራም ገደማ ፎስፈረስ አለ፣ ካልሲየሙ ግን 0.1 ግራም ቢሆን ነው። ሰውነት ከሁለቱ እኩል ወይም ካልሲየሙን ትንሽ በለጥ አድርጎ ነው የሚፈልገው፣ ካላገኘ ደሙ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ለመጠበቅ ከራሱ አጥንት ላይ እየሸረሸረ ይወስዳል። በአጥንት አልባ ስጋ ብቻ ያደገ ቡችላ ፌሬት እግሩ ይጣመማል፣ ትንሽ ዘሎ ሲወርድ አጥንቱ ይሰበራል፣ እና ባለቤቱ በጣም ጥሩ ስጋ ሲመግብ የከረመ ሰው ስለሆነ ምን እንደተፈጠረ አይገባውም፣ በጣም ያሳዝናል።

ስለዚ ወይ የሚበላ አጥንት ከጠቅላላው 10 እስከ 15 ፐርሰንት ይግባበት፣ ወይ አጥንት የማትሰጪ ከሆነ የእንቁላል ቅርፊት ተጠቀሚ። ቅርፊቱን አጥበሽ፣ ቀቅለሽ፣ አድርቀሽ፣ እንደ ዱቄት እስኪልም ፈጭተሽ፣ ለ1 ኪሎ አጥንት አልባ ስጋ 6 ግራም ገደማ ትቀላቅያለሽ፣ ይሄ ከላይ ያልኩሽን ሂሳብ ያስተካክለዋል። ሁለቱንም ባንዴ አይደለም ግን፣ ወይ አጥንት ወይ ቅርፊት። ገና ሾርባ ላይ እያለሽ አብዛኛው ደረቁ ምግብ ስለሆነ መጨነቅ የለብሽም፣ ስጋው ከግማሽ ሲያልፍ ነው የምትጀምሪው።

ከአጥንቱ ሌላ፣ ከጠቅላላው ጉበት 5 ፐርሰንት ብቻ፣ ሌላ የውስጥ እቃ ማለት ኩላሊት ወይ ጣፊያ ደግሞ 5 ፐርሰንት፣ ልብ 10 እስከ 15፣ የተረፈው ሁሉ ስጋ ነው፣ ስቡም ሳይወጣ፣ ፌሬት ጉልበቱን የሚያገኘው ከስብና ከፕሮቲን ነው። ያንቺው በቀን ከ60 እስከ 100 ግራም አካባቢ ይበላል (የክብደቱ 5 እስከ 8 ፐርሰንት መሆኑ ነው)፣ ስለዚ ጉበቱ በሳምንት ከ20 እስከ 35 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። ጉበት ይወዳሉ፣ አውቃለሁ፣ ግን ቫይታሚን ኤ ተጠራቅሞ ይመርዛል፣ ካካውንም ያቀጥነዋል። ልቡን ያስገባሁት ለታውሪን (ስጋ ውስጥ ለሚገኝ ንጥረ ነገር) ነው፣ ታውሪን ያጠረው ፌሬት ልቡ ሊደክም ይችላል፣ እና ታውሪን ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ስለሆነ በረዶው ሲቀልጥ ስጋው የሚተፋውን ቀይ ውሃ አትድፊው፣ ምግቡ ላይ መልሺው። እንቁላል በሳምንት አንዴ፣ አስኳሉ ይበቃል። ጥሬ አሳ ግን ባትሰጪው እመርጣለሁ፣ ብዙ የአሳ አይነቶች ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም አላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጥሬ አሳ ይመገቡ የነበሩ የእርባታ ቀበሮዎች እግራቸው እየተሳሰረ የሞቱት በሱ ነው። ሽንኩርት፣ ፍራፍሬ፣ እህል፣ ወተት ምናምን አያስፈልገውም፣ ሽንኩርት ደግሞ መርዝ ነው። ጥሬ የአሳማ ስጋም ተይው፣ አውየስኪ የሚባል የነርቭ በሽታ ሊያመጣበት ይችላል፣ መዳኛ የለውም።

ስለ ጀርም ጠይቀሻል፣ በደንብ ነው ያሰብሽው። «ፌሬት ሆዱ አሲድ ስለሆነ ምንም አይነካውም» የሚባለው ነገር እውነት አይደለም፣ በሳልሞኔላም በሊስቴሪያም (ሁለቱም ባክቴሪያዎች ናቸው) ይታመማሉ፣ ሳይታመሙም በካካቸው ለሰው ያስተላልፋሉ። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማህበር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለውሻና ለድመት ጥሬ ስጋ መስጠትን የማይደግፈው በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ሙሉ በሙሉ አልከለክልም፣ ፌሬት ስጋ ብቻ እንዲበላ የተፈጠረ እንስሳ ነው፣ ደረቁ ምግብ ውስጥ የሚገባው እህልና አተር እንደማይስማማው አምናለሁ፣ የእጽዋት ፕሮቲን የበዛበት ምግብ የሽንት ጠጠር እንደሚያመጣ ደግሞ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። ግን ቤትሽ ውስጥ እርጉዝ፣ ከአምስት አመት በታች ያለ ልጅ ወይ በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ካለ ጥሬውን ተይው፣ አብስለሽ ከቅርፊት ዱቄት ጋር ስጪው፣ የተቀቀለበትን ውሃ ሳትደፊ። ልብና ጉበቱ ያልኩሽ መጠን ለሱም ያው ነው።

ስለ ዶሮና ተርኪ ስለሚባለው ትልቅ ወፍ ስጋ ግን አቋሜ አሁን ጠንከር ብሏል። ፌሬት ለኢንፍሉዌንዛ በጣም የተጋለጠ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ለንደን ላይ የሰው ጉንፋን ቫይረስ መጀመሪያ የተለየው በፌሬት ነው፣ እስከዛሬም ብዙ የኢንፍሉዌንዛ ምርምር የሚሰራው በነሱ ነው። የወፍ ጉንፋኑ ኤች5ኤን1 አሁን በብዙ አገር እየተዛመተ ነው፣ በ2024 መጨረሻ ኦሪገን ውስጥ አንዲት ከቤት የማትወጣ ድመት ፍሪዝ የተደረገ ጥሬ የተርኪ ምግብ በልታ ሞታለች፣ ቫይረሱ ምግቡ ውስጥም ተገኝቷል። እዚህ ጋ ልብ በይ፣ ፍሪዘር ቫይረስ አይገድልም፣ ባክቴሪያም አይገድልም፣ ያስቀምጠዋል እንጂ። ፍሪዘር የሚጠቅመው ለጥገኛ ትላትሎች ነው። ስለዚ አንቺን የምመክርሽ ከጥሬ ዶሮ እንዳትጀምሪ ነው፣ የእርባታ ጥንቸል ብታገኚ በጣም ጥሩ፣ ካልሆነ የበሬ ወይም የበግ፣ ዶሮ ሲሆን በስሎና አጥንቱ ወጥቶ። ድርጭትም ወፍ ነው፣ ወረርሽኝ ባለበት አካባቢ ከሆንሽ እሱንም ተይው። የታደነ እንስሳ ስጋ ደግሞ የእርሳስ ጥይት ስብርባሪ ሊኖርበት ይችላልና ይቅር።

ሌላው ማንም ሳይነግርሽ የሚገጥምሽ ነገር መደበቅ ነው። ፌሬት የተረፈውን ይዞ ሄዶ ይቀብራል፣ አልጋ ስር፣ ሶፋ ውስጥ፣ ልብስ ሳጥን ውስጥ። ደረቅ ምግብ ሲደብቅ ብዙም አያስጨንቅም፣ ጥሬ ስጋ ግን ከሁለት ቀን በኋላ አውጥቶ ሲበላው አስቢው። ስለዚ ጥሬውን ኬጅ ውስጥ ዘግተሽ አብይው፣ ከሁለት ሰአት በኋላ የተረፈውን አንሺ፣ የሚተኛበትን ጨርቅ ሁሌ ፈትሺ፣ ሳህኑን በሙቅ ውሃና ሳሙና። ስጋውን የቀን የቀኑን መጠን ለይተሽ በትንንሽ ፌስታል ፍሪዝ አድርጊውና ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ፣ ጠረጴዛ ላይ አይደለም።

ካካውን በየቀኑ እዪ፣ ለሐኪም እንደሱ የሚናገር ነገር የለም። ስጋው ሲበዛ ካካው ያንሳል፣ ይጠቁራል፣ ሽታው ይቀንሳል። መሀል ላይ ትንሽ ንፍጥ ወይ አረንጓዴ ነገር ለአንድ ሁለት ቀን ብታዪ ፍጥነቱን ቀንሺ እንጂ አትደንግጪ። ነጣ ብሎ እንደ ጠመኔ ከደረቀ አጥንቱ በዝቷል፣ ቀንሺ። እንደ ሬንጅ ጥቁርና የሚጣበቅ ከሆነ ግን ጨጓራው እየደማ ነው፣ በዛው ቀን ሐኪም ጋ። አረንጓዴ ተቅማጥ ከቀጠለ ወይ ካካው ጭራሽ ከቆመና ካስመለሰውም እንደዛው። ክብደቱን በኩሽና ሚዛን በሳምንት ሁለቴ ያዢ፣ ከ1.2 ኪሎው 60 ግራም ከቀነሰ አንድ ደረጃ ወደኋላ ተመለሺ፣ 120 ግራም ከቀነሰ ለውጡን አቁመሽ አሳዪው። በእርግጥ ወንድ ፌሬት በመኸር ወፍሮ በጸደይ ይከሳል፣ ስለዚ ብትችዪ ክብደቱ በረጋበት ወቅት ጀምሪ፣ ያለዚያ የምግቡን ከወቅቱ መለየት ያስቸግርሻል።

ሴቷን ግን አሁን አትንኪያት። አምስት አመት ሞልቷታል፣ እና በጥያቄሽ መጨረሻ ላይ እንደቀላል የጻፍሻት ነገር አለች፣ «አንዳንዴ ፈዝዛ ግድግዳ ታያለች፣ ስጠራት ቆይታ ነው የምትነቃው» ያልሽው። ያ እርጅና ላይሆን ይችላል፣ የኢንሱሊኖማ የመጀመሪያ ምልክት እሱ ነው። ክሊኒክ ወስደሽ ስኳሯን አስለኪ፣ ከ3 እስከ 4 ሰአት ሳትበላ ነው የሚለካው፣ እሱም እዛው ሐኪም እያያት እንጂ ቤት አስርበሻት እንዳትሄጂ። ውጤቱ በዴሲሊትር ከ60 ሚሊግራም በታች ከሆነ የምትታከምበት መድሀኒት አለ፣ ምግቧም ከመድሀኒቱ ጋር ተያይዞ ነው የሚወሰነው። እስከዛው የለመደችው ምግብ ቀንም ሌሊትም ከፊቷ አይጥፋ፣ ወንዱ ሾርባውን ሲለማመድ ደግሞ ለየብቻ አድርገሽ መግቢያቸው፣ ያለዚያ የሷን ደረቅ ምግብ እየበላ ሾርባውን ዞር ብሎ አያየውም። ድንገት ብትወድቅ ወይ ብትንቀጠቀጥ ማር በጣትሽ ድድዋ ላይ ቀቢ፣ ጥርሷ እንዳይነክስሽ ተጠንቅቀሽ፣ ስትነቃ ወዲያው ስጋ ነክ ምግብ ስጫትና ሳትቆዪ ሐኪም ጋ ውሰጃት። የስኳሯ ውጤት ሲመጣ ቁጥሩን ላኪልኝ፣ የሷን አመጋገብ ለብቻ እጽፍልሻለሁ።